ዋርካው ሥር የሚፈሰው ቡና

ጥያቄው የመጣው አዲስ አበባ ከምትኖር አንዲት የወሎ ልጅ ነው። ባጭሩ እንዲህ ትላለች፦

«አያቴ የምትኖረው ወሎ፣ ቃሉ ወረዳ ውስጥ ነው። ከቤቷ ዝቅ ብሎ አንድ ትልቅ ዋርካ አለ። ሰፈሩ ‹አድባራችን› ነው የሚላት። አያቴ ሙስሊም ናት፤ ሶላቷን አታዛንፍም። ግን በዓመት ሁለት ሦስቴ ከጎረቤቶቿ ጋር ዋርካዋ ሥር ቡና ታፈላለች። ከአቦሉ ቀንሳ ሥሯ ላይ ታፈሳለች። ግንዷን ቅቤ ትቀባለች። ክርስቲያን ጎረቤቶቿም አብረው አሚን ይላሉ። በቅርቡ ህንዶች፣ ኬንያውያንና የጥንት ግብፆች ይህንኑ የዛፍ ዘር ሲያከብሩ እንደኖሩ አነበብኩ። ሁሉም ከአንድ የጠፋ ጥንታዊ ሃይማኖት የወጡ ናቸው ይላል። እውነት ነው? አጎቴ ደግሞ ዛፏ ትቆረጥ እያለ ነው። ምን ልበለው?»

እህቴ፣ ያነበብሽው ግማሹ ልክ ነው። ህንዶቹም፣ ኬንያ ውስጥ ኪኩዩዎቹም፣ የጥንት ግብፆችም የዋርካ ዘመድ የሆኑ ዛፎችን አክብረዋል። ከዚያ ተነስቶ ሁሉም ከአንድ የጠፋ ሃይማኖት ወጡ ማለት ግን አያስኬድም። ሕዝቦቹን ያመሳሰላቸው ዛፉ ነው። ይህን ለማስረዳት መጀመሪያ ዛፉን ቀረብ ብለን ማየት አለብን። ስለ ጥንታዊ እምነት የሚጽፉ ብዙ ሰዎች ዛፉን ዘለው ወደ ምስጢሩ ይሮጣሉ። እኔ የወሎን ተረትና እምነት ስሰበስብ ዓመታት አልፈውኛል፤ ዛፉን ሳላይ የጻፍኩትን ሁሉ በኋላ ማረም ነበረብኝ።

ዋርካና ሾላ ዘመዳሞች ናቸው። ሁለቱም በሳይንሱ አጠራር ፊከስ ከሚባለው ወገን ናቸው። ቁርአንና መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነሱት በለስም ከዚሁ ወገን ነው። እኛ ጋ በለስ የምንለውን የቁልቋል ፍሬ ማለቴ አይደለም፤ እሱ ሌላ ነው። በዓለም ላይ ከ750 በላይ የፊከስ ዝርያዎች አሉ። አብዛኞቹ ሞቃት አገር ነው የሚበቅሉት።

ቃሉ ስትሄጂ አንድ የበሰለ የዋርካ ፍሬ ከመሬት አንሺና በጥፍርሽ ለሁለት ክፈዪው። ውስጡ ጥቃቅን ክሮች የታጨቁበት ይመስላል። እነዚያ ክሮች አበቦች ናቸው። ዋርካ አበባ የለውም የሚባለው አበባው ፍሬው ውስጥ ተደብቆ ስለሚያብብ ነው። ደህና አድርገሽ ካየሽ በክሮቹ መካከል ከጤፍ ፍሬ ብዙም የማትበልጥ ጥቁር ነፍሳት ታገኛለሽ። ተርብ ናት። እናትየዋ በፍሬው ጫፍ ባለች ጠባብ ቀዳዳ ተጨናንቃ ስትገባ ክንፏ ይቀራል። ውስጥ ገብታ የአበባውን ብናኝ ታዳርሳለች፤ እንቁላሏን ትጥልና እዚያው ትሞታለች። ወንዶቹ ልጆቿ ክንፍ የላቸውም። ለእህቶቻቸው መውጫ ይሰረስሩና አብዛኞቹ እዚያው ፍሬው ውስጥ ይቀራሉ። ሴቶቹ ብናኙን ይዘው ወደ ሌላ ዛፍ ይበራሉ። ከወጡ በኋላ የሚኖሩት አንድ ወይ ሁለት ቀን ነው።

ይህ ሁሉ ከአያትሽ ቡና ጋር ምን አገናኘው? ተርቧ ዕድሜዋ አጭር ስለሆነ ዛፎቹ ሁሉ ባንድ ወር ቢያፈሩ ኖሮ ዘሯ በጠፋ ነበር። ስለዚህ አንዱ ዋርካ ሲጨርስ ሌላው ይጀምራል። በሰኔም፣ በጥርም፣ በግንቦትም አንድ ያፈራ ዋርካ አገሩ ላይ አይጠፋም። እህል በሌለበት ወር ወፉ፣ ጦጣው፣ የሌሊት ወፉ እሱ ላይ ነው። ዙሪያው ሁሉ ሲደርቅ አንድ ዛፍ ጠዋት ማታ በወፍ ጫጫታ ሲሞላ አስቢው። አያቶቻችን ተርቧን አላወቋትም ይሆናል። የማይነጥፍ ዛፍ መሆኑን ግን ከማንም በላይ አውቀዋል።

ሌላም አለ። ቅርንጫፉን ስትቆርጪው ነጭ ፈሳሽ ይወጣዋል፤ ልክ እንደ ወተት። ዘሩን ወፍ ስለሚያራባው ገደል አፋፍና ድንጋይ ስንጥቅ ላይ ሳይቀር ይበቅላል፤ የተከለው ሰው አይታወቅም። ጥላው የሰፈር ጉባኤ ይችላል። እንጨቱ ደግሞ ልል ነው፤ ለምሰሶ አይሆን፣ ለከሰልም ደህና አይደለም። ስለዚህ መጥረቢያ የያዘ ሰው ጽዱንና ወይራውን እንጂ እሱን አይመኝም። እንዲህ ያለ ዛፍ ይገዝፋል፤ ከሰው ዕድሜም ያልፋል። «አያቴ ልጅ ሳለች እንዲሁ ነበር» ይባልለታል። (በነገራችን ላይ «ይቺ ዋርካ 500 ዓመቷ ነው» የሚል ሰው ቢያጋጥምሽ ቶሎ አትቀበዪ። የዋርካ የዓመት ቀለበት እንደ ጽድ ተለይቶ አይቆጠርም፤ ብዙ ጊዜም መሀሉ ባዶ ይሆናል።)

አሁን ወደ ሌሎቹ እንሂድ።

ግብፆች የሾላዋን ዛፍ የሐቶር ነው ይሉ ነበር። «የሾላዋ እመቤት» የዚህች ሴት አምላክ አንድ መጠሪያ ነበር። ሉክሶር አጠገብ የነገሥታት ሸለቆ በሚባለው ቦታ የሣልሳዊ ቱትሞስ መቃብር አለ፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት 15ኛው ክፍለ ዘመን ነው። መቃብሩ ውስጥ በቀጭን መስመር የተሣለ አንድ ዛፍ አለ። ዛፉ ጡት አለው። ከቅርንጫፉ ክንድ ወጥቶ ጡቱን ለንጉሡ ያጎርሰዋል። ጽሑፉ ንጉሡ የእናቱን የኢሲስን ጡት እየጠባ ነው ይላል። ዛፍ እንዴት ጡት ያበቅላል? ቅርንጫፉን ቆርጦ ነጩን ፈሳሽ ያየ ሰው ግን አይገርመውም።

ሮማውያንም መሥራቾቻቸውን ሮሙሉስንና ሬሙስን ተኩላዋ ያጠባቻቸው በለስ ዛፍ ሥር ነው ይላሉ። ዛፉ ፊኩስ ሩሚናሊስ ይባል ነበር። ሩሚና የምትባል የሚያጠቡ እናቶች ጠባቂም ነበረቻቸው፤ ለእሷ የሚፈሰው ወይን ሳይሆን ወተት ነው። ሮማውያን ይህን ከግብፅ ቀዱት? እኔ አይመስለኝም። ግብፃዊውም ሮማዊውም ያንኑ ነጭ ፈሳሽ አይቷል። ያየ ሰው ደግሞ እናትን ያስባል።

ህንድ ላይ ፒፓል የሚባለው ዛፍ ሌላ ታሪክ አለው። ቅጠሉ የልብ ቅርጽ ይዞ ጫፉ እንደ ጭራ ይረዝማል። ይህ ቅጠል ዛሬ ፓኪስታን ውስጥ ባለችው የጥንት ከተማ በሞሄንጆ ዳሮ በተገኙ፣ ከ4000 ዓመት በላይ በሆናቸው ማኅተሞችና ሸክላዎች ላይ ይታያል። ከዚያ በኋላ ሂንዱዎቹ አከበሩት። ሲዳርታ ጋውታማ እሱ ሥር ተቀምጦ ነው ቡድሃ የሆነው ይባላል፤ ቦታው ቡድ ጋያ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ የንጉሥ አሾካ ልጅ ሳንጋሚታ ከዛፉ ቅርንጫፍ ይዛ ወደ ስሪላንካ ተሻገረች። እሱ አኑራዳፑራ ላይ ተተክሎ ዛሬም ድረስ አለ። እምነቱ ተለዋወጠ፤ ዛፉ ግን ክብሩን ሳያጣ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻገረ። ይህ ለእኛም ነገር የሚያስተምረን አለው፤ እመለስበታለሁ።

ኪኩዩዎች የራሳቸውን ፊከስ ሙጉሞ ይሉታል። ሽማግሌዎች ዛፉ ሥር ቆመው ፊታቸውን ወደ ኬንያ ተራራ መልሰው አምላካቸውን ንጋይን ይለምናሉ፤ ዝናብ ሲጠፋ በግ ይሠዋሉ። ለኦሮሞ ሾላው ኦዳ ነው። የገዳ ጉባኤ የሚቀመጠው፣ ሕግ የሚወጣው፣ ጠበኛ የሚታረቀው ኦዳ ሥር ነው። ኦሮሞን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያስፈልግሽም፤ ከኮምቦልቻ ከሚሴ ቅርብ ነው።

እንግዲህ አስተያዪው። ለግብፁ ዛፉ የምታጠባ እናት ናት። ለህንዱ ዓለምን ትቶ የሚያስቡበት ቦታ ነው። ለኪኩዩው የዝናብ መለመኛ ነው። ለኦሮሞው ሸንጎ ነው። ከአንድ ሃይማኖት የወጡ ቢሆኑ ቢያንስ አንድ የጋራ ስም፣ ወይም አንድ የጋራ ሥርዓት ይገኝ ነበር። ኦዳ፣ ሙጉሞ፣ ፒፓል፣ ዋርካ፤ ስሞቹ እንኳ አይዛመዱም። ደግሞም ፊከስ በማይበቅልበት አገር ሰዉ ሌላ ዛፍ ነው ያከበረው። ግሪኮች ዶዶና ላይ የኦክ ቅጠል ሲንሿሿ የአምላካቸውን የዜውስን ድምፅ ይሰሙ ነበር። የሰሜን አውሮፓ ሰዎች ሰማይና ምድርን የያዘው ዛፍ አሽ የሚባለው ነው አሉ። አሦራውያን የቴምር ዛፍ የመሰለውን ቤተ መንግሥታቸው ግድግዳ ላይ ቀረጹ። እያንዳንዱ ያጠገቡን ግርማ አየ።

እኔ የምጠቀምበት አንድ መፈተኛ አለ። ሁለት ሕዝቦች የሚመሳሰሉት ዛፉ ራሱ በሚያሳየው ነገር ከሆነ፣ ማለትም በወተቱ፣ በጥላው፣ በማይነጥፍ ፍሬው፣ ያ ዝምድናን አያሳይም። ሁለቱም ዓይን ስላላቸው ነው። ዛፉ በማይናገረው ነገር ከተመሳሰሉ ግን፣ ለምሳሌ በቃል፣ እዚያ ላይ መገናኘታቸውን እቀበላለሁ። የስሪላንካው ዛፍ ከህንዱ መምጣቱን የምናምነው መንገዱ ስለሚታወቅ ነው።

በዚህ መፈተኛ የአያትሽን ቡና እንየው። እኔ ከግብፁ መቃብር ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይሄኛው ነው።

አድባር ግእዝ ነው። ደብር ማለት ተራራ ነው፤ አድባር ደግሞ ተራሮች። ገዳማት ተራራ ላይ ስለሚሠሩ ደብር የቤተ ክርስቲያን መጠሪያ ሆነ። ያው ቃል በሌላ አቅጣጫ ሄዶ የሰፈር ጠባቂ የሚባለው ዛፍ ስም ሆነ። ይህ ምን ያህል አማርኛ ውስጥ እንደገባ ማየት ከፈለግሽ ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 18ን ግለጪ። እግዚአብሔር ለአብርሃም በመምሬ የተገለጠለት በሌሎች ቋንቋዎች ብዙ ጊዜ ኦክ ተብሎ በሚተረጎመው ዛፍ ዘንድ ነው። የ1954ቱ አማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን «የአድባር ዛፍ» ነው የሚለው። ተርጓሚዎቹ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ከዚህ የቀረበ ቃል አላገኙም። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።

አቦል ከዓረብኛ ነው፤ አወል፣ የመጀመሪያው። በረካም እንደዚያው፤ በረከት። የመጀመሪያዋ ሲኒና ሦስተኛዋ ሲኒ የመጡበትን መንገድ ይዘው ነው የተቀመጡት፤ ዓረብኛ የቀራ ሰው፣ ነጋዴ፣ ሼህ ያለፈበት መንገድ ነው። ውዳጃ የሚለውን፣ ማለትም ቡናና ጫት ይዞ ተሰብስቦ የሚደረገውን ዱዓ ስም፣ ደግሞ አጥኚዎች ከኦሮምኛ ጋር ያያይዙታል። ቅቤ መቀባትና እርጥብ ሣር መያዝ ኦሮሞም አማራም ጋ አለ። እንግዲህ አንድ ዋርካ ሥር ግእዝ፣ ዓረብኛና ኦሮምኛ አብረው ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ። እዚህ ላይ መገናኘት አለ ብዬ አፌን ሞልቼ እናገራለሁ፤ ቃሉ ራሱ ይመሰክራልና።

ቡናው ሌላ ነገርም ይነግረናል። ድሮ ክርስቲያኑ ደገኛ ቡና አይጠጣም ነበር። የእስላም መጠጥ ነው ተብሎ ካህናቱ ይከለክሉ ነበር። ክልከላው እየላላ የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ስለዚህ ሙስሊሟ አያትሽና ክርስቲያን ጎረቤቷ ባንድ ረከቦት ዋርካ ሥር መቀመጣቸው የፈርዖን ዘመን ቅሪት ሊሆን አይችልም። ዛፍ ማክበሩ ያረጀ ነው። ቡናው ግን የቅድመ አያቶቻችን ዘመን ሥራ ነው። «ሺህ ዓመት ሳይለወጥ የቆየ ሥርዓት» የሚል ሲገጥምሽ ይህን አስታውሺ። ሥርዓቱ ሕያው ስለሆነ ይለዋወጣል።

አንድ ቀን ያየሁትን ልንገርሽ። ተሁለደሬ ውስጥ ነው፤ ሐይቅ ከተማ አለፍ ብሎ። የሰኔ አጋማሽ ነበር፤ ዝናቡ ዘግይቷል። ወሎ ውስጥ የሰኔ ዝናብ ሲዘገይ ዝም ብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም። የ66ትንና የ77ትን ድርቅ ያየ ሰው ሰማዩን የሚያይበት አስተያየት ሌላ ነው። ሴቶቹ ዋርካው ሥር ቄጤማ ጎዝጉዘው ተቀምጠዋል። ጀበናው ተጥዷል፤ ገሉ ላይ ዕጣን ይጨሳል። አንዲት እድሜያቸው የገፋ እናት አቦሉን ቀዱ። የመጀመሪያዋን ሲኒ ይዘው በእጃቸው መሬቱን እየተደገፉ ተነሱ። ሥሩ እንደ ግድግዳ ከመሬት ወጥቶ የቆመበት ቦታ ሲደርሱ ሲኒዋን ቀስ አድርገው አዘነበሉ። ቡናው አቧራው ላይ ትንሽ ቆመ፤ ከዚያ ሰረገ። «ያረቢ፣ ዝናቡን በሰላም አውርድልን» አሉ። ሁሉም አሚን አሉ። ጎናቸው የነበረችው ሴት አማተበችና እሷም አሚን አለች።

በኋላ ጠጋ ብዬ «እማማ፣ ቡናውን ለዛፏ ነው ያፈሰሱት?» አልኳቸው።

እንደ ሞኝ አዩኝ። «ምን አፍ አላትና ትጠጣለች ልጄ? የፈጠራትን ነው የምለምን። እናቴም እዚችው ነው የለመነችው።»

ይህን መልስ ይዤ ወደ ሌላ ቀበሌ ሄድኩ። እዚያ ያገኘኋቸው አዛውንት ደግሞ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነገሩኝ። አድባሯ ትቆጣለች፤ ቅርንጫፏን የቆረጠ ልጁ ይታመምበታል፤ ቅቤ ካልተቀባች ከብት ይመታል አሉ። በሁለቱ ሰዎች መካከል የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ነው ያለው። ድርጊቱ አንድ ነው፤ ትርጉሙ ሌላ። ስለዚህ «የወሎ ሰው ዛፍ ያመልካል» የሚለውም፣ «ማንም ዛፍ አያመልክም፣ ባህል ብቻ ነው» የሚለውም ሰው አልጠየቀም። ለአንዷ ዛፏ የጸሎት ቦታ ናት። ለሌላው ራሷ ኃይል አላት። ውዳጃ ላይም ይህ ልዩነት አለ። አንዱ ጫቱንና ቡናውን ይዞ ለአላህ ብቻ ዱዓ ያደርጋል፤ ሌላው በአውልያው ስም ይማጸናል። ሁለቱም አጠገብ ላጠገብ ተቀምጠው አሚን ይባባላሉ።

በክርስቲያኑ በኩል ግንቦት ልደታን አስቢ። ቤተ ክርስቲያን እመቤታችን የተወለደችው በሊባኖስ ተራራ ነው ትላለች፤ ሐናና ኢያቄም ከአገራቸው ሸሽተው፣ ደጅ ላይ። ለዚህ ነው ንፍሮውም ዳቦውም ቡናውም ደጅ የሚወጣው። ደጅ ሲወጣ ደግሞ የት ይኬዳል? ጥላ ወዳለበት፣ ወደ አድባሯ። ተራራዋና ዛፏ እዚህ ላይ እንደገና በአንድ ቃል ተገናኙ። ህንድ ላይ እምነቱ ሲለዋወጥ ዛፉ ቆየ ያልኩሽን እዚህ ላይ አስታውሺ። ወሎ ላይ ግን አንዱ እምነት ሌላውን አላስለቀቀውም፤ ሁለቱም አንድ ጥላ ሥር ቀሩ።

ወደ አጎትሽ ልመጣ። በመጀመሪያ ይህን እወቂልኝ፦ አጎትሽ የሚለው ከአየር የመጣ ነገር አይደለም። ሃይማኖታዊ መሠረት አለው፤ በንቀት ልትመልሺለት አይገባም። በሐዲስ እንደሚተረከው፣ የመካ ጣዖታውያን ዛቱ አንዋጥ የሚሏት ዛፍ ነበረቻቸው፤ መሣሪያቸውን ይሰቅሉባት ነበር። አንዳንድ አዲስ ሙስሊሞች «ለእኛም እንዲህ ያለ አድርግልን» ሲሉ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አጥብቀው ነቀፉ። ቁርአን በሱረቱል ፈትሕ የሚያነሳውን፣ ቃል ኪዳን የተገባበትን ዛፍም ሰዎች እየሄዱ ይሰግዱበት ስለጀመሩ ኡመር (ረ.ዐ) አስቆረጡት ተብሎ ይተረካል። አጎትሽ ይህን ያውቅ ይሆናል። አንቺም አውቀሽ ግቢ።

ክርስትናም እዚሁ ጥያቄ ላይ ተሰነጣጥቋል። እ.ኤ.አ. በ723 አካባቢ ቦኒፋስ የተባለው ሰባኪ ዛሬ ጀርመን በምትባለው አገር፣ ጋይስማር ላይ፣ ሕዝቡ የሚያመልከውን ትልቅ ኦክ ቆርጦ በእንጨቱ ጸሎት ቤት ሠራ። ከእሱ ከመቶ ዓመት በላይ አስቀድሞ ግን፣ በ601፣ የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ ወደ እንግሊዝ ለሚሄዱ ሰባኪዎች ሌላ ትእዛዝ ጽፎ ነበር፦ ጣዖቱን አስወግዱ፣ ቤቱን ግን አታፍርሱ፤ ጠበል ረጭታችሁ ተጠቀሙበት፣ ሰዉ የለመደው ቦታ ይምጣ። እኛም አገር አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ባዕድ አምልኮን በጽኑ ተዋግተዋል። አድባር ግን ይኸው እስከ ዛሬ አለች።

እኔ ሼህም ቄስም አይደለሁም፤ ሐራምና ሐላሉን የምበይን ሰው አይደለሁም። እሱን አጎትሽ ከሚያምነው ዓሊም ጋር ይጨርሰው። ነገር ግን አንድ ልዩነት አሳዪው። አያትሽ የምታደርገው ነገር ጥያቄ ሊነሳበት ይችላል። ዛፏ ግን ምንም አላደረገችም። አንድ ሙስሊም ዛፍ ተክሎ ወፍ ወይም ሰው ወይም እንስሳ ከበላለት ሰደቃ ይሆንለታል የሚለው ሐዲስ ቡኻሪም ሙስሊምም የዘገቡት ነው። ያቺን ዋርካ የተከላት ሰው የለም ይሆናል፤ ወፍ ናት የተከለቻት። ዓመቱን ሙሉ የሚበላባት ግን ስንት ነው? ቅቤው ካስቸገረው ስለ ቅቤው ከእናቱ ጋር ይነጋገር። ከእሷ ጋር መነጋገር ከብዶት ከሆነ መጥረቢያ የሚያነሳው፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

በተግባርም ይሰብበት። ቃሉ ዳገታማ አገር ነው። የዋርካ ሥር የያዘው አፈር፣ ዛፉ ከወደቀ በኋላ ሥሩ ሲበሰብስ ክረምት ላይ ይናዳል። ከታች የማን ማሳ እንዳለ ይይ። የሰርግ ዳስ፣ የሽምግልና፣ የለቅሶ መቀመጫ የሆነውን ጥላም ቆጥሮ ይወስን። ሰፈሩ ሳይመክርበት አንድ ሰው ብቻውን ቢቆርጣት ደግሞ ጠቡ ከዛፏ የበለጠ ዕድሜ ይኖረዋል። እንዲህ ያለ ነገር አይቻለሁ። ዛፉ ከወደቀ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ ቤተሰቦቹ ዛሬም ለቅሶ አይደራረሱም።

ካንቺ የምፈልገው አለኝ። አጎትሽን ከመከራከርሽ በፊት አያትሽን ጠይቂያት። እስካሁን እንዳልጠየቅሻት ከጥያቄሽ ያስታውቃል፤ ምን እንደምታደርግ ጻፍሽ እንጂ ምን እንደምትል አልጻፍሽም። ቤት ውስጥ ሳይሆን እዚያው ዋርካዋ ሥር፣ ቡናው እየተቆላ ሳለ ጠይቂያት። «ለማን ነው የምታፈሺው?» አትበያት፤ እንደተከሰሰች ይሰማታል። «ማን አስተማረሽ?» በያት። ከዚያ ዝም ብለሽ አድምጪ። ከእናቷ ይጀምራል ወይስ ከአማቷ? ስታፈስ የምትለው ቃል ምንድን ነው? ቃል በቃል ያዢው፤ ዓረብኛም ይኑርበት ኦሮምኛ፣ ሳይገባሽ አታስተካክዪው። ክርስቲያኗ ጎረቤቷም እዚያ ካለች እሷንም ለብቻዋ ጠይቂ፤ ሁለቱ የተለያየ ነገር ቢነግሩሽ አትደንግጪ። ፈቃዳቸውን ጠይቀሽ በስልክሽ ቅጂው። ፎቶ ከማንሳት ድምፅ መቅዳት ይበልጣል፤ ዋርካዋ ነገም ትታያለች፣ የእነሱ ቃል ግን ከእነሱ ጋር ነው ያለው።

ደግሞም ብዙዎቹ አድባሮች የየራሳቸው ስም አላቸው። ያቺም ካላት ስሟን ጽፈሽ ላኪልኝ።